ለአንድ ሰው የዓሣ ጀልባ ሞተር ሲገጠም፦ ከጉልበቱ በፊት ማሰሪያው

ዱከም ላይ ሆኖ ስለ ዓሣ ማስገር ማውራት ፈገግ ያሰኝ ይሆናል። ከአዲስ አበባ በ37 ኪሎ ሜትር ርቀት ላይ የምትገኘው ይህች ከተማ ስሟ የሚነሳው በጥሬ ሥጋዋና በኢስተርን ኢንዱስትሪ ዞን ፋብሪካዎቿ ነው። ሐይቅ የላትም። ይሁን እንጂ ከዱከም ወደ አዳማ የሚወስደውን መንገድ የያዘ ሰው ጥቂት እንደተጓዘ የቢሾፍቱን ሐይቆች ያገኛል፤ ከሞጆ ወደ ደቡብ ሲታጠፍ ደግሞ ቆቃን፣ መቂን ካለፈ በኋላም ደምበልን፣ ማለትም ዝዋይን። የእነዚህ ውኃዎች አስጋሪ ጀልባውን ለማሻሻል የሚፈልገው ቱቦላሬ፣ ላሜራ፣ የፕላስቲክ በርሜል፣ ባትሪና ጥሩ በያጅ እንዲህ ባለች የብረትና የመንገድ ከተማ የሚታጣ አይደለም። ዓሣ ፈላጊውም በጾም ወራት እዚያው መንገድ ዳር አለ።

ይህ ጽሑፍ የሚመለከተው ብቻውን የሚሠራውን አስጋሪ ነው። ማታ መረቡን ዘርግቶ ንጋት ላይ የሚያነሳ፣ ከደንገል በተሠራ ታንኳ ወይም በትንሽ የእንጨት ጀልባ የሚቀዝፍ ሰው ችግሩ የሚጀምረው ወደ ውኃው ሲገባ ሳይሆን ሲመለስ ነው። በስምጥ ሸለቆ ሐይቆች ላይ ጠዋት የረጋው ውኃ ፀሐይ እየበረታ ሲሄድ ነፋስ ይነሳበታል። ደምበል 440 ስኩዌር ኪሎ ሜትር ያህል የተንጣለለ ቢሆንም አማካይ ጥልቀቱ 2 ሜትር ተኩል ገደማ ብቻ ነው፤ እንዲህ ያለ ሰፊና ጥልቀት የሌለው ውኃ በነፋስ ቶሎ ይናወጣል፣ ማዕበሉም አጭርና ተከታታይ ነው። የተጫነ ታንኳ ይዞ ነፋስን ፊት ለፊት መቅዘፍ ጉልበት ይጨርሳል። በዚያ ላይ መረብ ውስጥ ያደረው ቆሮሶ ከሞተ ሰዓታት አልፈዋል፤ በረዶ በሌለበት ሙቀት እያንዳንዷ የቀዘፋ ሰዓት ከዋጋው ላይ ትቀንሳለች።

የቤንዚን ሞተር አንዱ መፍትሔ ነው፤ ለትልቅ ጀልባና ለረጅም ርቀትም ተተኪ የለውም። ለአንድ ሰው ጀልባ ግን ክብደቱ ይበዛል፣ ነዳጁም ሁልጊዜ የሚገኝ አይደለም። ብዙዎች የማያስቡት ሌላ ነገር አለ። የቤንዚን ሞተር አየር ይስባል፤ ከፍታ በጨመረ ቁጥር አየሩ ስለሚሳሳ በየ300 ሜትሩ 3 በመቶ ያህል ጉልበት ያጣል። ደምበል ከባሕር ወለል በላይ 1,636 ሜትር ላይ ስለሚገኝ ከሞተሩ ጉልበት 16 በመቶ ገደማ አስቀድሞ ሄዷል ማለት ነው። በባትሪ የሚሠራ ሞተር አየር ስለማይፈልግ ይህ ኪሳራ አይነካውም።

ትሮሊንግ ሞተር የሚባለው አነስተኛ የኤሌክትሪክ ሞተር ሥራ ላይ ከዋለ ብዙ ዘመን ሆኖታል። ሚን ኮታ የተባለው የአሜሪካ አምራች ታሪኩን የሚቆጥረው እ.ኤ.አ. ከ1934 ጀምሮ ነው። እዚያ ሞተሩን የሚፈልጉት መንጠቋቸውን በውኃ ውስጥ በዝግታ እየጎተቱ ለመዝናናት የሚያጠምዱ ሰዎች ናቸው። ለእኛ አስጋሪ ጥቅሙ ሌላ ነው፤ በአንድ እጁ መሪውን ይዞ በሌላው መረቡን እየሳበ፣ ጀልባውም በነፋስ ሳይወሰድ ቦታውን እንዲጠብቅ ያደርግለታል።

ስንት ኪሎ ይጫናል?

ሞተር ከመገዛቱ በፊት ጀልባው መመዘን አለበት። ከበርሜል የሚሠራውን ተንሳፋፊ፣ ማለትም ፖንቶን፣ እንደ ምሳሌ እንውሰድ። ባለ 200 ሊትር የፕላስቲክ በርሜል ሙሉ በሙሉ ውኃ ውስጥ ሲገባ 200 ኪሎ ያህል ይሸከማል። ሦስት ሦስት ሆነው በሁለት ረድፍ የተኙ ስድስት በርሜሎች 1,200 ኪሎ ይችላሉ ማለት ነው። ነገር ግን በርሜሎቹ ከግማሽ በላይ እንዳይሰምጡ ማድረግ ስለሚገባ አስተማማኙ ጭነት 600 ኪሎ ነው።

አሁን እንደምር። በርሜሎቹ 54 ኪሎ፣ በ40 በ40 ቱቦላሬ የተሠራው አጽም 45 ኪሎ፣ የወለሉ ጣውላ 30፣ አስጋሪው 70፣ ባትሪው 28፣ ሞተሩ 10፣ መረብና ዓሣ 60 ቢሆን ድምሩ 297፣ ማለትም 300 ኪሎ ገደማ ነው። ከገደቡ ግማሹ ነው፤ ማዕበል ሲመጣ የሚያድነው ይህ የተረፈው ግማሽ ነው። ቦታ አለ ተብሎ ሁለትና ሦስት ሰው ከተጫነበት ግን ሒሳቡ ይፈርሳል።

የሞተሩ ጉልበት የሚለካው በፈረስ ጉልበት ሳይሆን በሚገፋው ክብደት ነው፤ በሳጥኑ ላይ የሚጻፈውም በፓውንድ ነው። 30 ፓውንድ ወደ 13 ኪሎ ተኩል፣ 55 ፓውንድ ደግሞ 25 ኪሎ ያህል ይሆናል። በተለምዶ ለእያንዳንዱ 50 ኪሎ ጭነት አንድ ኪሎ ግፊት ይያዛል። በዚህ ስሌት ለ300 ኪሎ 6 ኪሎ ይበቃል። ይህ ግን አፍንጫው ለሾለ ጀልባና ለረጋ ውኃ ነው። በርሜል ፊቱ ደንባራ ስለሆነ ውኃውን ይገፋል እንጂ አይሰነጥቅም፤ ነፋስም አለ። ስለዚህ እጥፍና ከዚያ በላይ፣ ከ30 እስከ 40 ፓውንድ ያለውን መያዝ ተገቢ ነው። ከዚያ በላይ መሄድ ባትሪ ከመጨረስ ያለፈ ትርፍ የለውም፤ እንዲህ ያለ ተንሳፋፊ ሞተሩ ቢተለቅም ከሰው እርምጃ ብዙም አይፈጥንም።

ማሰሪያው

ገንዘብ ያለው ሰው ሞተርና ባትሪ ይገዛል። ማሰሪያው ግን የሚገዛ አይደለም፤ ለያንዳንዱ ጀልባ ተለክቶ የሚሠራ ነው፤ ብዙ ጊዜ የሚናቀውም እሱ ነው። ሞተሩ ራሱ እንደ ሞርሳ የሚነክስ ባለ ሁለት ብሎን መቆንጠጫ አለው። የሚነክሰው ጠፍጣፋ ሰሌዳ ይፈልጋል፤ በርሜል ላይ ደግሞ እንዲህ ያለ ሰሌዳ የለም። ስለዚህ ከኋላ በኩል ሁለቱን ረድፎች የሚያገናኝ አግድም ቱቦላሬ ይበየዳል፤ በመካከሉም ሰሌዳው ይቆማል።

ሰሌዳው ከ4 እስከ 5 ሳንቲ ሜትር ቢወፍር ጥሩ ነው። ሁለት ወይም ሦስት ኮምፖልሳቶ ተጣብቆና በብሎን ተጠፍሮ፣ ዙሪያው በቀለም ታሽጎ ሊሠራ ይችላል። ሞተሩን በቀጥታ ቱቦላሬ ላይ ማስነከስ ግን አያዋጣም፤ ባዶ ብረት ይጨፈለቃል፣ ቀለም የተቀባ ብረትም ያንሸራትታል፤ እንጨት ግን ይይዛል። ብሎኖቹ ከሮንዴላና ከማይፈታ ዳዶ ጋር ይሁኑ፤ የሞተር ንዝረት ተራ ዳዶን ቀስ በቀስ ይፈታል።

ሰሌዳው ለምን ይህን ያህል እንደሚጠነክር ለመረዳት ኃይሉ የት እንደሚያርፍ ማሰብ ይበቃል። ፕሮፔለሩ ከማሰሪያው በታች 75 ሳንቲ ሜትር ያህል ዝቅ ብሎ 15 ኪሎ ሲገፋ፣ ማሰሪያው ላይ የሚደርሰው ጫና በ75 ሳንቲ ሜትር ብረት ጫፍ ላይ 15 ኪሎ ከማንጠልጠል ጋር እኩል ነው። ሞተሩ በተነሳና በቆመ ቁጥር ይህ ጫና ይሰበቃል፤ ወደ ኋላ ሲገፋ ደግሞ አቅጣጫው ይገለበጣል። ፕሮፔለሩ ጉቶ ቢመታ ወይም መረብ ቢይዘው ጫናው በቅጽበት ብዙ እጥፍ ይሆናል። ቀጥ ብሎ የቆመ ብየዳ ብቻውን ይህን አይችልም። ከሰሌዳው ግራና ቀኝ ወደ ፊት የሚወርዱ ሁለት ሰያፍ ድጋፎች ወደ አጽሙ መበየድ አለባቸው። ከዋናው ብየዳ ይልቅ የሚያስተማምኑት እነዚህ ናቸው፤ በያጁ ሊቀንሳቸው ቢፈልግ ባለቤቱ እሺ ማለት የለበትም።

ሌላው ቁም ነገር ከፍታው ነው። የፕሮፔለሩ የላይኛው ጫፍ ከውኃው ወለል በታች 25 ሳንቲ ሜትር ያህል መግባት አለበት። ከዚያ ከቀረበ አየር እየሳበ ይንጫጫል፣ ይፈጥናል፣ ግን አይገፋም። ከመጠን በላይ ሲጠልቅ ደግሞ የደምበልን ጭቃ ይቆፍራል። ከፍታው የሚለካው በባዶው ተንሳፋፊ ላይ ሆኖ አይደለም፤ ሰውየው፣ ባትሪውና የመረቡን ክብደት የሚተካ ድንጋይ ከተጫኑ በኋላ ነው። ወርክሾፕ ውስጥ ደረቅ ላይ ተለክቶ የተበየደ ማሰሪያ ውኃ ላይ ሲደርስ 10 ሳንቲ ሜትር መሳቱ አይቀርም። ሰሌዳውን በቁመቱ በተደረደሩ የብሎን ቀዳዳዎች ላይ ከፍና ዝቅ እንዲል አድርጎ መሥራት ይህን ችግር ያስቀራል፤ ለበያጁም የሚጨምረው ሥራ ጥቂት ነው።

ብየዳው ሲያልቅ ሽቅሩ ተነቅሎ አንቲረስት ይቀባል። ቱቦላሬው አፉ ክፍት ከሆነ ውኃ ገብቶ ከውስጥ ይበላዋልና ጫፎቹ በላሜራ ይደፈኑ። ሞተሩ ራሱም ከአጽሙ ጋር በጠንካራ ገመድ ይታሰር። የቢሾፍቱ ሐይቅ ጥልቀት 87 ሜትር ይደርሳል፤ እዚያ ውስጥ ተፈትቶ የወደቀ ሞተር ተፈልጎ አይገኝም።

ባትሪ

አስጋሪው ከኋላ ተቀምጦ ሞተሩን ሲይዝ ኋላው ይከብዳል። ስለዚህ ባትሪው ወደ ፊት ይሄዳል፤ ውኃ እንዳይነካው ክዳን ባለው የፕላስቲክ ሣጥን ተደርጎ ይታሰራል። ኬብሉ ስለሚረዝም ቀጭን መሆን የለበትም፤ ሙሉ ጉልበት ላይ 30 አምፒርና ከዚያ በላይ ይፈስበታልና 16 ስኩዌር ሚሊ ሜትር ይመረጣል። ከባትሪው አጠገብ ብሬከር ይግባ፤ ፕሮፔለሩ በመረብ ታንቆ ሲቆም ኬብሉን ከመቃጠል የሚያድነው እሱ ነው።

የመኪና ባትሪ ለዚህ ሥራ አልተሠራም። ሞተር ለማስነሳት ለጥቂት ሰከንድ ብዙ ጉልበት እንዲሰጥ ነው የተሠራው፤ ተሟጦ እየተሞላ ከቆየ በአጭር ጊዜ ይሞታል። ለሶላር የሚሸጠው በጥልቀት የሚፈስ ባትሪ ይሻላል። 100 አምፒር ሰዓት ካለው የሊድ ባትሪ ግማሹን ብቻ መጠቀም ዕድሜውን ያረዝማል፤ በመካከለኛ ፍጥነት፣ በ15 አምፒር፣ ሦስት ሰዓት ያህል ያስኬዳል። በሙሉ ፍጥነት ግን አንድ ሰዓት ተኩል እንኳ አይሞላም። 100 ዋት የሶላር ሰሌዳ በጥሩ ፀሐይ በቀን ከ25 እስከ 30 አምፒር ሰዓት ስለሚመልስ ያንን ግማሽ ለመሙላት ሁለት ቀን ገደማ ይወስዳል። በየቀኑ የሚወጣ አስጋሪ ሁለት ሰሌዳ ያስፈልገዋል፤ ካልሆነም ሲሄድ ቀዝፎ ሲመለስ ሞተሩን ይጠቀማል። ሁለተኛው ዘዴ የተናቀ ቢመስልም ለብዙዎች አዋጩ እሱ ነው፤ መቅዘፊያውስ ቢሆን ከጀልባው መች ይወርዳል?

ቆቃ ላይ የሚሠራ ሰው ስለ እምቦጭም ማሰብ አለበት። አረሙ በቆቃና በአዋሽ ወንዝ መታየቱ የተመዘገበው እ.ኤ.አ. በ1965 ነው፤ ግድቡ ከተሠራ ከአምስት ዓመት በኋላ መሆኑ ነው። ሥሩ ፕሮፔለር ላይ ሲጠመጠም ሞተሩ ይግላል። ሞተሩን ወደ ላይ አዘንብሎ ማጽዳት እንዲቻል ከማሰሪያው በስተኋላ ክፍት ቦታ ይተው፤ እጅ ከመስደዱ በፊት ግን የባትሪው ገመድ ይነቀል።

የጣና ልምድ

ሞተር ዓሣ አይፈጥርም። ይህን ከጣና በላይ የሚነግረን የለም። የሞተር ጀልባና የናይለን መረብ እ.ኤ.አ. በ1986 ወደ ሐይቁ ከገቡ በኋላ አስጋሪዎች በደንገል ታንኳ በቀላሉ የማይደርሱባቸው የወንዝ መግቢያዎች ድረስ መሄድ ቻሉ። ዓሦቹ ለመራባት የሚሰበሰቡት እዚያ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1991 እስከ 2001 ባሉት ዓመታት በጣና ብቻ የሚገኙት የባርበስ ዝርያዎች ክምችት 75 በመቶ ያህል መቀነሱን ተመራማሪዎች መዝግበዋል። ጥፋቱ ሁሉ የሞተር ነው ባይባልም፣ ሞተሩ መረቡን መድረስ ወደማይገባው ቦታ አድርሶታል።

የእኛ ትንሽ ሞተር ያን ያህል አቅም የለውም። ቢሆንም የቆሮሶ መራቢያ ዳር ዳር ያለው ጥልቀት የሌለው ሣራማ ውኃ ነው፤ ድምፅ አልባ ሞተር የያዘ ሰው ደግሞ እዚያ መግባት ይቀለዋል። ሞተሩ ያተረፈለትን ጊዜ መረብ ለመጨመር ከተጠቀመበት ከጥቂት ዓመት በኋላ ባዶ መረብ ነው የሚስበው። ለገበያ የሚያሰግር ሰው ፈቃድ እንዲኖረው በዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 315/1995 ተደንግጓል። የትኛው ዳርቻና የትኛው ወቅት መተው እንዳለበት የወረዳውን የግብርና ባለሙያ ወይም በባቱ የሚገኘውን የዓሣ ምርምር ማዕከል መጠየቅ ይገባል።

ድምፅ አልባነቱ ሌላም ጣጣ አለው። በደምበልም በቆቃም ጉማሬ አለ፤ ድንገት አጠገቡ የደረሱበት ጉማሬ ደግሞ አይምርም። በሣርና በደንገል ጥግ ሲያልፉ መቅዘፊያውን ከበርሜሉ ጋር እያጋጩ ድምፅ ማሰማት ይጠቅማል።

ተንሳፋፊው ተሠርቶ ሲያልቅ በመጀመሪያው ቀን ወደ ውስጥ አይኬድም። ተንሳፋፊ ጃኬት ለብሶ፣ ነፋስ ሳይነሳ፣ ወገብ በሚደርስ ውኃ ላይ ይሞከራል፤ ዳር የቆመ ሰውም ረጅም ገመድ ይይዛል። ሞተሩ ከዝቅተኛው ፍጥነት ተነስቶ ወደ ፊትና ወደ ኋላ ለግማሽ ሰዓት ይነዳል፤ ከዚያም ጀልባው ወደ ዳር ተስቦ እያንዳንዱ ዳዶ እንደገና ይጠበቃል፣ የሰያፍ ድጋፎቹ ብየዳም ፀጉር የሚያህል ስንጥቅ እንዳላወጣ በጣት እየተዳሰሰ ይታያል።