ዋቃሊም፦ የሚቦካው ሥጋ

ዶሃ፣ ፈሪጅ አብዱልአዚዝ ሰፈር ያለው ማድ ቤታችን ጠባብ ስለሆነ የጤፍ ሊጡን የምናስቀምጠው ኮሪደሩ ላይ፣ የአየር ማቀዝቀዣው ነፋስ በሚደርስበት ጥግ ነው። አዲስ አበባ ሁለት ሦስት ቀን የሚጠበቅ ሊጥ በዶሃ ሐምሌ ከዚያ ጥግ ከራቀ በአንድ ቀን ኩፍ ብሎ ይኮመጥጣል። ክዳኑን ስናነሣ ቢጫው ውሃ ከላይ ጠልሎ፣ ከሥሩ ትንንሽ አረፋዎች ቡልቅ ቡልቅ ይላሉ። ከዚያ ውሃ ጥቂቱን ለሚቀጥለው ቡኮ እናስቀራለን። እርሾ እሱ ነው።

አንድ ቀን ሊጡን ስናይ አብራን የምትኖር የሐረር ልጅ፣ “እንጀራ ብቻ መሰላችሁ እንዴ የሚቦካው? እኛ ጋ ሥጋም ይቦካል” አለችን። ስለ ዋቃሊም መናገሯ ነበር። ከዚያን ቀን ጀምሮ ነገሩን ስከታተል ቆይቻለሁ፤ ስለ ምግባችን ካነበብኩት ሁሉ እንደዚህ የገረመኝ የለም።

ዋቃሊም በምሥራቅ ኢትዮጵያ፣ በተለይ በሐረር የሚታወቅ የበሬ ሥጋ ቋሊማ ነው። ጮማ የሌለው ቀይ ሥጋ ተከትፎ በጨውና በቅመም ይታሻል፤ ከዚያ በታጠበ አንጀት ውስጥ ተጠቅጥቆ ይታሰርና ይሰቀላል። እርሾ የሚጨምርበት የለም። ሥራውን የሚሠሩት ከሥጋው፣ ከቅመሙና ከእጅ የመጡ ባክቴሪያዎች ናቸው።

እነዚህ ባክቴሪያዎች ለእንጀራ በላተኛ እንግዳ አይደሉም። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲው ተመራማሪ ብርሃኑ ጋሼ በ1985 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት ላክቲክ አሲድ የሚያመነጩ ባክቴሪያዎች በጤፍ ሊጥ ውስጥ ያላቸውን ድርሻ አሳይተዋል። እርጎም የሚረጋው በእነሱው ነው። ስኳር ይበላሉ፣ አሲድ ይተዋሉ፤ አሲዱ እየበረታ ሲሄድ ምግብ የሚያበላሹትና ሰው የሚያሳምሙት አብዛኞቹ ጀርሞች መራባት ያቅታቸዋል።

ሥጋ ደግሞ ገና ሳይቦካ ከዚህ አሲድ ጋር ይተዋወቃል። ከብት ሲታረድ ደሙ ኦክስጅን ማድረሱን ያቆማል፤ በጡንቻው ውስጥ ያለው ግላይኮጅን የተባለ የስኳር ጥሪት ወደ ላክቲክ አሲድ ይለወጣል። ሰባት አካባቢ የነበረው የሥጋው ፒኤች (አሲድ ሲበዛ የሚወርደው መለኪያ) በአንድ ቀን ገደማ ወደ 5.5 ይወርዳል። ይህ የሆነለት ሥጋ ቀይ ነው፤ ቶሎም አይበላሽም። በጉዞ የደከመ፣ የተራበ ወይም የደነገጠ እንስሳ ግን ጥሪቱን ቀድሞ ስለጨረሰ አሲዱ አይበቃውም። ሥጋው ይጠቁራል፣ ይጠነክራል፣ ዕድሜውም ያጥራል።

ነገሩ እኛ ያለንበትን ባሕረ ሰላጤ ይመለከታል። ከሞጆና ከቢሾፍቱ ቄራዎች የበግና የፍየል ሥጋ ቀዝቅዞ በአውሮፕላን ወደ ባሕረ ሰላጤው አገሮች ይላካል። የደጋ በግ ሥጋ ቶሎ ስለሚጠቁር ላኪዎች የቆላውን ይመርጣሉ። አምሃ ሰብስቤ በ2006 እ.ኤ.አ. በፕሪቶሪያ ዩኒቨርሲቲ የዶክትሬት ጥናታቸውን የሠሩት የአፋርን፣ የሶማሌን ረጅም ጆሮና የመካከለኛው ደጋን ፍየሎች የሥጋ ጥራት በተለያየ አመጋገብ በመመርመር ነበር። ገበያ የጠየቀውን ጥያቄ ሳይንስ ሲመልስ ማየት ደስ ይላል።

ወደ ዋቃሊም ልመለስ። የጅማ ዩኒቨርሲቲው ከተማ ባቻ፣ ከሞገሴ አሸናፊና ከሃንስ ዮንሶን ጋር ሆነው በ2010 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት ዋቃሊም ሲቦካ በውስጡ የሚኖሩት ጀርሞች እንዴት እንደሚለዋወጡ ተከታትለዋል። ላክቲክ አሲድ የሚሠሩት ሌሎቹን በቁጥር በልጠው ቤቱን ይይዙታል። ጨው ውሃውን ይስባል፣ በአንጀት ውስጥ መጠቅጠቁ አየር ይቀንሳል፣ አሲዱ የቀረውን ይጨርሳል። የሐረር እናቶች ያለ ማይክሮስኮፕ የደረሱበት ጥበብ ይህ ነው።

ይህ ማለት ግን ጥሬ ሥጋ ሁሉ በቅመም ይድናል ማለት አይደለም። ሞገሴ አሸናፊ ከመስፍን ተገኝ ጋር በ1998 እ.ኤ.አ. ያሳተሙት ጥናት ከክትፎ ናሙናዎች ሳልሞኔላ አግኝቷል። ክትፎ ለመቡካት ጊዜ አያገኝም፤ ስለዚህ ከቡኮ የሚመጣው ተጨማሪ አሲድ የለውም። ሚጥሚጣና ቅቤ ደግሞ የአሲድን ቦታ አይተኩም። በዶሃ ሙቀት ከሥጋ ቤት ወጥቶ በፌስታል ሰዓት የቆየ ሥጋን በጥሬው መብላት ከባድ ስሕተት ነው ብዬ አምናለሁ።

በእኔ ግምት ዋቃሊም የሚጎድለው የራሱ እርሾ ነው። በዘፈቀደ የሚቦካ ሥጋ አንድ ጊዜ ያምራል፣ አንድ ጊዜ ያሰጋል። ተመርጦ የሚጨመር ባክቴሪያ ቢኖረው ግን ከቤት ወጥቶ ሱቅ ሊገባ ይችላል። ለዚያ ደግሞ የቤቱ አሠራር በትክክል መታወቅ አለበት። የሐረር ልጆች ሆይ፣ በሚቀጥለው ስትደውሉ እናቶቻችሁን ጠይቁልን፦ ለአንድ ኪሎ ሥጋ ስንት ማንኪያ ጨው ነው? የትኛው ቅመም ይቀድማል? ስንት ቀን ይሰቀላል? የሚነግሯችሁን ጻፉት።