በንግሥቲቱ ደጅ የጠፋው ሥዕል

እ.ኤ.አ. በ1872 ነሐሴ ወር አፄ ዮሐንስ 4ኛ ለንግሥት ቪክቶሪያና ለውጭ ጉዳይ ሚኒስትሯ ለሎርድ ግራንቪል ደብዳቤ ጻፉ። የጠየቁት አንድ መጽሐፍና አንድ ሥዕል ነበር። መጽሐፉ ክብረ ነገሥት ነው፣ ሥዕሉ ኵርዓተ ርእሱ። ሁለቱም ከአራት ዓመት በፊት፣ አፄ ቴዎድሮስ መቅደላ ላይ ሽጉጣቸውን ጠጥተው በሞቱ ጊዜ፣ የእንግሊዝ ጦር በ15 ዝሆንና ወደ 200 በሚጠጋ በቅሎ ካጋዘው ዘረፋ ውስጥ ነበሩ።

ዮሐንስ ስለ መጽሐፉ ሲጽፉ፣ እሱ ከሌለ የአገሬ ሰው አይታዘዘኝም ብለው ነበር። ከጎንደር ወጥተን እስራኤል ውስጥ ቂርያት መላኪ፣ ገዴራና ያቭኔ የሰፈርን ሰዎች ይህ ቃል ይገባናል። ቤቱንና ከብቱን ጥሎ ኦሪቱን ግን ታቅፎ የወጣ ቄስ ነበረን፤ ጥሎት የመጣውን ኦሪት እያሰበ ያረጀም አለ።

ሥዕሉ ትንሽ ነው፣ ሁለት እጅ ይይዘዋል። የእሾህ አክሊል የደፋ ክርስቶስ አንገቱን ዘንበል፣ ዓይኑን ሰበር አድርጎ፣ እጆቹን አነባብሮ ይታያል። ስሙም በመቃ ራሱን መመታቱን ይናገራል። ባለሙያዎች በ1500ዎቹ መጀመሪያ ገደማ በአውሮፓዊ ሠዓሊ እጅ የተሠራ ነው ይላሉ። ነገሥታቱ ሲዘምቱ ይዘውት ይወጡ፣ መኳንንቱንም በፊቱ ያስምሉ ነበር። በ1744 ዳግማዊ ኢያሱ በሰናር ጦር ድል ሲሆኑ ሥዕሉም ተማረከ። በወርቅ ተዋጅቶ ሲመለስ ጎንደር በደስታ ሰከረች።

ለንደን መፈለግ ጀመረች። ብሪቲሽ ሙዚየም ሁለት የክብረ ነገሥት ቅጂ ስለነበረው አንዱን መለሰ። ዘራፊ ከዘረፈው ላይ ሲመልስ ያን ጊዜ ብርቅ ነበርና ይህን ሳልጠቅስ ማለፍ አልፈልግም። ስለ ሥዕሉ ግን ንግሥቲቱ አላገኘነውም፣ ወደ እንግሊዝም የመጣ አይመስለንም ስትል መለሰች።

መጥቶ ነበር።

ከጦሩ ጋር ሪቻርድ ሆምስ የሚባል የብሪቲሽ ሙዚየም ሰው ዘምቷል፤ ሥራው ለሙዚየሙ ዕቃ መሰብሰብ ነው። መቅደላ በተያዘች ዕለት ከአንድ ወታደር እጅ የወርቅ አክሊልና የወርቅ ጽዋ በ4 ፓውንድ ገዛ። ከቴዎድሮስ አልጋ በላይ ተሰቅሎ የነበረውን ኵርዓተ ርእሱን ግን ለሙዚየሙ አላስረከበም። ለራሱ አስቀረው። በ1870 ይኸው ሰው በዊንድዘር ቤተ መንግሥት የንግሥቲቱ ቤተ መጻሕፍት ኃላፊ ሆነ። ንግሥቲቱ የለም ብላ ስትጽፍ ሥዕሉ በገዛ መጽሐፍ ጠባቂዋ እጅ ነበር! አንድ ቃል ቢተነፍስ ይበቃ ነበር። አልተነፈሰም። ይህን ዝምታ ከዘረፋው አሳንሼ ማየት አልቻልኩም፤ ዘረፋው የአንድ ቀን ግርግር ነው፣ ዝምታው ግን በየማለዳው ሥዕሉን እያዩ የሚታደስ ነው።

በ1905 በርሊንግተን በተባለው የለንደን የሥነ ጥበብ መጽሔት ላይ የሥዕሉ ፎቶ ወጣ። ከሥሩም ቀድሞ የንጉሥ ቴዎድሮስ እንደነበረና አሁን በሰር ሪቻርድ ሆምስ እጅ እንደሚገኝ ተጽፏል። ዮሐንስ መተማ ላይ ከወደቁ 16 ዓመት አልፎ ነበር።

ሆምስ ከሞተ በኋላ፣ በ1917፣ ሥዕሉ በክሪስቲስ ጨረታ ተሸጠ። በ1950 እንደገና ለጨረታ ሲቀርብ ሉይሽ ሬይስ ሳንቶስ የተባለ ፖርቱጋላዊ የሥነ ጥበብ ታሪክ ምሁር ገዛው። ከዚያ ወዲህ ደብዛው ጠፋ፤ ኢትዮጵያ ያለበትን የሚነግራት አጣች። በ1998 ማርቲን ቤይሊ የተባለ እንግሊዛዊ ጋዜጠኛ የጨረታውን ዱካ ተከትሎ ፖርቱጋል ደረሰ። ሥዕሉ ያን ጊዜ ባንክ ካዝና ውስጥ ተቆልፎ ተቀምጦ ነበር። ባለቤትነቱም የግል ነበር።

ሠዓሊዎቻችን ግን ገና ሳይወሰድ ደጋግመው ቀድተውት ነበር። በጎንደር ዘመን ገበታዎችና በብራና መጻሕፍት ላይ ያው ዘንበል ያለ አንገት፣ ያው የተነባበሩ እጆች አሉ፤ ምእመናን ዛሬም በቅጂው ፊት ይሰግዳሉ።