ቡናማው ጥርስ ምን ይመሰክራል?
ከአዋሽ ሰባት ኪሎ እስከ ሰመራ፦ ስለ ጥርስ ጉዳት፣ ስለ ውኃና ስለ ሕክምናው

በአገራችን ስለ ጥርስ ጉዳት ሲነሣ ብዙዎቻችን ወዲያውኑ የምናስበው ተቦርቡሮ እንቅልፍ የሚነሣውን ጥርስ ነው። ይሁን እንጂ በስምጥ ሸለቆ፣ በተለይም የአዋሽን ወንዝ ተከትሎ በሚወርደው ቆላ፣ ሕመም ሳይኖረው ባለቤቱን የሚያሳቅቅ ሌላ ጉዳት አለ። ቋሚዎቹ የፊት ጥርሶች እንደ ኖራ የነጣ መስመርና ነጠብጣብ ይዘው ይወጣሉ፤ ዓመታት ሲያልፉ ነጣው ወደ ቢጫ፣ ቢጫውም ወደ ቡናማ ይለወጣል። ሲስቁ አፋቸውን በእጃቸው የሚሸፍኑ ወጣቶች በዚህ አካባቢ ብርቅ አይደሉም። የሩቅ ተመልካች ደግሞ ፍርዱን ለመስጠት ይቸኩላል፦ «ጥርሱን አይፍቅም፤ ጫትና ሲጋራ ያዘወትራል» ይላል።

ይህ ፍርድ ከሳይንስ አንጻር ስሕተት ነው። ከዚህም በላይ ጎጂ ነው፤ ምክንያቱም ወጣቱ በከሰል፣ በአመድ ወይም በአሸዋ እየፈገፈገ የቀረችውን ጤናማ የጥርስ ሽፋን እንዲያጠፋት ይገፋፋዋል። ለመሆኑ ቡናማው ጥርስ የሚመሰክረው ስለ ምንድን ነው?

የማይታደሰው ሽፋን

የጥርስ ውጫዊ ሽፋን ኢናሜል ይባላል። በሰውነታችን ውስጥ ከሚገኙት አካላት ሁሉ የጠነከረ ሲሆን፣ ከክብደቱ 96 በመቶ ያህሉ ሃይድሮክሲአፓታይት የተባለ የካልሲየምና የፎስፌት ማዕድን ነው። ኢናሜልን የሚሠሩት ሕዋሳት ግን ጥርሱ ከድድ በሚወጣበት ጊዜ ይጠፋሉ። የተሰበረ አጥንት ይጠገናል፣ የተቆረጠ ቆዳ ይሽራል፤ የተፋቀ ኢናሜል ግን ዳግመኛ አይበቅልም።

የዚህን ሽፋን ጥንካሬ ለመረዳት ከአፋር የተሻለ ቤተ ሙከራ አይገኝም። በሐዳር እ.ኤ.አ. በ1974 የተገኘችውን የ3.2 ሚሊዮን ዓመቷን ድንቅነሽን ጨምሮ፣ በአዋሽ ሸለቆ የሚገኙ ቅሪተ አካላት ብዙውን ጊዜ የሚለዩት በጥርሳቸው ነው። ዶክተር ዮሐንስ ኃይለ ሥላሴና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2004 «አርዲፒቴከስ ካዳባ»ን ራሱን የቻለ ዝርያ አድርገው ሲያቀርቡ ዋነኛው ማስረጃቸው ከ5 ሚሊዮን ዓመት በላይ ዕድሜ ያላቸው ጥርሶች ነበሩ። ካዳባ በአፋርኛ የትውልድ መነሻ የሆነ የጥንት አባት ማለት ነው። እንግዲህ አጥንት ሲፈርስ ጥርስ ይቀራል፤ የልጅነት ዘመን ታሪክም በላዩ እንደ ተጻፈ ይቆያል።

ሦስት ጉዳቶች፣ ሦስት መንስኤዎች

የመጀመሪያው የጥርስ መቦርቦር ነው። በአፍ ውስጥ የሚኖሩ ባክቴሪያዎች ስኳርን ወደ አሲድ ይለውጣሉ። በጥርስ ላይ ያለው ፒኤች ከ5.5 ገደማ በታች ሲወርድ የኢናሜል ማዕድን መሟሟት ይጀምራል። ምራቅ ካልሲየምና ፎስፌት እየመለሰ ጉዳቱን ያርማል፤ ለዚህ ግን ጊዜ ያስፈልገዋል። በጫት ወቅት ስኳር የበዛበት ሻይና ለስላሳ መጠጥ ለሰዓታት ሲደጋገም ምራቅ የማረሚያ ፋታ ያጣል።

ሁለተኛው ጥርስ ማፋጨት ነው። በእንቅልፍ ጊዜ ጥርስን የሚያፋጭ ሰው ጥርሶቹን የሚገጫቸው በመካከላቸው እህል ሳይኖር፣ አንዳንዴም ከተለመደው ማኘክ በላቀ ኃይል ነው። ውጤቱ የተላጨ የሚመስል ጠፍጣፋ ጥርስ፣ ለቀዝቃዛና ለትኩስ የሚሰማ ሕመም፣ ጠዋት ጠዋት የሚያሠቃይ የመንጋጋ ጡንቻ ነው። በብዙ ቤት «ልጁ ወስፋት አለበት» ይባላል፤ ይሁንና ዛሬ በይበልጥ የሚታወቁት ተያያዥ ምክንያቶች ጭንቀት፣ የተቆራረጠ እንቅልፍ፣ በእንቅልፍ ጊዜ የትንፋሽ መታፈን፣ ሲጋራ፣ አልኮልና የበዛ ቡና ናቸው። የፈተና ሰሞን ለተማሪ ጥርስም ፈተና ሊሆን ይችላል።

ሦስተኛው የጽሑፋችን ዋና ጉዳይ የሆነው የጥርስ ፍሎሮሲስ ነው። ይህ ከቀደሙት ሁለቱ የሚለየው ጥርሱ ገና ከድድ ሳይወጣ በመፈጸሙ ነው። ሕፃኑ ፍሎራይድ የበዛበት ውኃ ሲጠጣ በመሠራት ላይ ያለው ኢናሜል ማዕድኑን በሚገባ ሳያጠናክር ይቀራል፤ ጥቃቅን ቀዳዳዎችም ይኖሩታል። ጥርሱ ሲወጣ የነጣ ይመስላል፤ ቡናማው ቀለም ቆይቶ በነዚህ ቀዳዳዎች ይሰርጋል። ጉዳቱ ሲከፋ ኢናሜሉ ይፈረፈራል፤ የሚያፋጭ ሰው ከሆነም መላጨቱ ይፈጥናል።

ከዚህ አንድ ጠቃሚ መደምደሚያ ይገኛል። ከጎንደር መጥታ በ19 ዓመቷ ሰመራ ዩኒቨርሲቲ የገባች ተማሪ የቱንም ያህል ፍሎራይድ ያለበት ውኃ ብትጠጣ ጥርሷ በፍሎሮሲስ አይበልዝም፤ የጥርሷ ግንባታ አብቅቷልና። በስምጥ ሸለቆ ተወልዶ ያደገ ወጣት ደግሞ ጎንደር ቢሄድ፣ በቀን ሦስት ጊዜ ቢፍቅ፣ ምልክቱ አይለቀውም። ወሳኙ ዘመን ከውልደት እስከ 8 ዓመት ነው። ሆኖም ፍሎራይድ በብዛት ለረጅም ዓመታት ሲወሰድ የአዋቂዎችንም አጥንትና መገጣጠሚያ ስለሚጎዳ ተማሪዋም ቢሆን ልትዘናጋ አይገባትም።

ፍሎራይዱ ከየት መጣ?

የስምጥ ሸለቆ ዓለት በአብዛኛው እሳተ ገሞራ የተፋው ነው። ዝናብ በዓለቱ ስንጥቅ ሰርጎ ለረጅም ዘመን ሲቆይ፣ በተለይም ከሥር በሚመጣ ሙቀት ሲግል፣ ፍሎራይድን ከዓለቱ ይወስዳል። ውኃው በቂ ካልሲየም ቢኖረው ኖሮ ፍሎራይዱ ከካልሲየም ጋር ተዋሕዶ በዘቀጠ ነበር። የሸለቆው የከርሰ ምድር ውኃ ግን ብዙ ጊዜ ሶዲየም የበዛበትና ካልሲየም ያነሰው በመሆኑ ፍሎራይዱ እንደ ሟሟ ይቀራል። በመተሐራ አጠገብ ያለው ፍሎራይድ የበዛበት በሰቃ ሐይቅ ጥሩ ምሳሌ ነው። እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ 3 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ የነበረው ስፋቱ ከ40 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ሆኗል።

የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ ውኃ ያስቀመጠው መመሪያ በሊትር 1.5 ሚሊግራም ፍሎራይድ ነው። ነገር ግን መጠኑን ከአየር ጠባይ ጋር ማገናዘብ ያስፈልጋል። ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በሚያልፍበት በሰመራ የሚያድግ ልጅ በደጋ ከሚያድገው እኩያው ይልቅ ብዙ ውኃ ይጠጣል፤ ስለዚህ ከአንድ ዓይነት ውኃ የሚያገኘው ፍሎራይድ ይበልጣል። አሜሪካኖች እ.ኤ.አ. በ1962 ለውኃ ፍሎራይድ መጠን ሲወስኑ ለሞቃት አካባቢዎች 0.7፣ ለቀዝቃዛ 1.2 ሚሊግራም ያሉት በዚሁ ምክንያት ነበር።

ከኮሎራዶ እስከ ወንጂ

የዚህ እንቆቅልሽ ፍቺ ሦስት አሥርት ዓመታት ወስዷል። ፍሬደሪክ ማኬይ የተባለ የጥርስ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1901 በኮሎራዶ ስፕሪንግስ ሥራ ሲጀምር የነዋሪዎቹ ጥርስ ቡናማ ሆኖ አገኘው። ምክንያቱ ውኃው እንደሆነ ቢጠረጥርም፣ ፍሎራይድ መሆኑን ቸርችል የተባለ ኬሚስት ያረጋገጠው እ.ኤ.አ. በ1931 ነው። በዚያው ጥናት የበለዙት ጥርሶች መቦርቦርን የሚቋቋሙ ሆነው መታየታቸው በጥቂቱ ሲሆን ፍሎራይድ ጠቃሚ መሆኑን አመለከተ። የጥርስ ሳሙና ፍሎራይድ የሚጨመርበትም ለዚህ ነው።

በእኛ አገር ጉዳዩ ጎልቶ የወጣው በላይኛው አዋሽ፣ በወንጂ ሸዋ የስኳር ልማት ነበር። የጉድጓድ ውኃ ለዓመታት የጠጡ ሠራተኞች ጥርሳቸው ብቻ ሳይሆን አከርካሪያቸውም ደርቆ መጉበጥ ጀመረ። በልማቱ ፍሎራይድን የማጣራት ሥራ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ነው። ፕሮፌሰር ረዳ ተክለ ሃይማኖትና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ1987 ያሳተሙት ጥናት ደግሞ፣ በስምጥ ሸለቆ ተወልደው ካደጉት የተመረመሩ ልጆች ከ80 በመቶ በላይ የሚሆኑት የጥርስ ፍሎሮሲስ እንዳለባቸው አሳይቷል።

ሐኪም ምን ሊያደርግ ይችላል?

ሕክምናው እንደ መንስኤው ይለያያል። የተቦረቦረ ጥርስ ተጠርጎ ይሞላል፤ ጉዳቱ ነርቩ ዘንድ ከደረሰ የጥርሱ ሥር ውስጡ ጸድቶ ይደፈናል፤ ይህም ካልተቻለ ይነቀላል። ለሚያፋጭ ሰው በልኩ የተሠራ የሌሊት የጥርስ መከላከያ ይዘጋጅለታል፤ መከላከያው ማፋጨቱን ባያቆምም ጥርስ ጥርስን እንዳይበላ ያደርጋል።

ለፍሎሮሲስ ቀላል ነጠብጣብ ሲሆን ሐኪሙ በተመጠነ አሲድና በደቃቅ ዱቄት ከላይ ያለውን ስስ ንጣፍ ብቻ ያነሣል፤ ማንጣት ወይም ቀዳዳዎቹን በፈሳሽ ሙጫ መሙላትም ይቻላል። ለከፋው ጉዳት ጥርሱን የሚሸፍን ቅብ ወይም ሙሉ ሽፋን ይሠራለታል። ሁሉም ግን ገጽታን የሚያሻሽሉ እንጂ ኢናሜሉን እንደ አዲስ የሚሠሩ አይደሉም። በቤት ውስጥ በከሰል ወይም በሎሚ መፈግፈግ የዚህ ሕክምና ምትክ አይሆንም፤ ልክ የለውምና።

መፍትሔው ከጉድጓዱ አፍ

ውኃን ማፍላት ጀርም ይገድላል፤ ፍሎራይድን ግን አያስወግድም። እንዲያውም ውኃው በተነነ መጠን የቀረው ይወፍራል። ሻይ ቅጠልም የራሱ ፍሎራይድ ስላለው ለሕፃናት ሻይ ማብዛት ይጎዳል። የተሻለው መንገድ ፍሎራይድ ያነሰው ምንጭ መምረጥ፣ የዝናብ ውኃ ማጠራቀም ወይም ማጣራት ነው። በሕንድ አገር በናልጎንዳ አውራጃ የተሰየመው ዘዴ በአሉምና በኖራ ፍሎራይዱን ያዘቅጣል። ሌላው ዘዴ የከሰለ የእንስሳት አጥንት ነው። የአጥንት ማዕድን ከጥርስ ማዕድን ጋር አንድ በመሆኑ፣ በልጁ ጥርስ ሊያዝ የነበረው ፍሎራይድ በማጣሪያው ይያዛል። አጥንቱ ከየትኛው እንስሳ እንደ ተወሰደ ግን በሃይማኖት ረገድ የሚነሣ ጥያቄ ስለሆነ ከኅብረተሰቡ ጋር አስቀድሞ መነጋገር ያስፈልጋል።

ውድ አንባቢያን፣ ሁለት ጉድጓዶች ጎን ለጎን ሆነው የፍሎራይድ መጠናቸው በእጅጉ ሊለያይ ይችላል፤ በዓይንም ሆነ በጣዕም አይለይም። ስለዚህ በአካባቢያችሁ ያለው ውኃ መለካቱን መጠየቅ፣ የኬሚስትሪ ተማሪዎችም በቤተ ሙከራችሁ መለካት የምትችሉት ሥራ ነው። ታናናሾቻችሁ ጥርስ ሲፍቁ የሩዝ ፍሬ ወይም የአተር ፍሬ ከምታህል ሳሙና እንዳያልፉ፣ አረፋውንም እንዲተፉ ምከሯቸው። ጥርሱ የበለዘውን ጓደኛችሁን ደግሞ በስንፍና አትውቀሱት። ጥርሱ የሚመሰክረው በልጅነቱ ስለጠጣው ውኃ ነው፤ ያንን ውኃ ዛሬም የሚጠጣ ሕፃን አለ።