የቫይታሚን ዲ እጥረት እና የነርቭ ጉዳት በስኳር ሕሙማን ላይ

የስኳር ሕመም ከሚያስከትላቸው መዘዞች አንዱ የነርቭ ጉዳት ሲሆን፣ ከሕሙማኑ ግማሽ ያህሉ በጊዜ ሂደት ለዚህ ችግር ይጋለጣሉ። ጉዳቱ አብዛኛውን ጊዜ ከእግር ጣቶች ጀምሮ ቀስ በቀስ ወደ ላይ ይዘልቃል። መደንዘዝ፣ የመውረር ስሜት፣ ማቃጠል እና ሌሊት የሚብስ ሕመም ዋና ዋና ምልክቶቹ ናቸው። የደነዘዘ እግር በእሾህ ወይም በጠባብ ጫማ ቢቆስል ሕመምተኛው ላይሰማው ስለሚችል፣ ቁስሉ አመርቅዞ እግርን እስከ ማጣት ሊያደርስ ይችላል።

ጉዳቱ እንዴት ይከሰታል?

በደም ውስጥ ያለው የስኳር መጠን ለረጅም ጊዜ ከፍ ብሎ ሲቆይ፣ ለነርቮች ደም የሚያደርሱ ጥቃቅን የደም ሥሮች ይጎዳሉ። ከዚህም ጋር የሰውነት መከላከያ ሕዋሳት ብግነት የሚቀሰቅሱ ንጥረ ነገሮችን ያመነጫሉ። ይህ የማያቋርጥ ብግነት የነርቮችን ጉዳት ያባብሳል።

የቫይታሚን ዲ ድርሻ

ቫይታሚን ዲ በዋነኛነት ቆዳ የፀሐይ ብርሃን ሲያገኝ የሚመረት ሲሆን፣ በጉበትና በኩላሊት ተለውጦ ሥራውን ይጀምራል። ለአጥንት ከሚሰጠው ጥቅም በተጨማሪ የመከላከያ ሕዋሳትን በመቆጣጠር ብግነትን ለማርገብ ይረዳል። በርካታ ጥናቶች እንዳመለከቱት፣ የነርቭ ጉዳት ያለባቸው የስኳር ሕሙማን የቫይታሚን ዲ መጠናቸው ከሌሎቹ ሕሙማን ዝቅ ብሎ ይገኛል። ይሁን እንጂ ይህ ግንኙነት እጥረቱ የጉዳቱ መንስኤ ለመሆኑ ማረጋገጫ አይደለም፤ ሕመም የበረታበት ሰው ከቤት ስለማይወጣ የፀሐይ ብርሃን ሊያጣ ይችላልና። ስለሆነም ቫይታሚኑ እጥረትን ለማከም የሚሰጥ እንጂ የስኳር መድኃኒትን የሚተካ አይደለም።

ምን ማድረግ ይገባል?

• የደም ስኳርን መቆጣጠር ዋነኛው መከላከያ ነው። በ1993 ይፋ የሆነ የአሜሪካ ጥናት እንዳሳየው፣ ዓይነት 1 የስኳር ሕመም ባለባቸው ሰዎች ላይ የተደረገ ጥብቅ ቁጥጥር የነርቭ ጉዳትን በ60 በመቶ ገደማ ቀንሷል።
• ፀሐያማ አገር መኖር ብቻውን ከእጥረት አያድንም። ቀኑን በቤት ወይም በቢሮ የሚያሳልፉ እና ሰውነታቸውን ሙሉ በሙሉ የሚሸፍኑ ሰዎችም ለእጥረት ይጋለጣሉ። በመስኮት መስታወት የሚያልፍ ብርሃንም ቫይታሚኑን ለማምረት አያስችልም።
• ዓሣ፣ የእንቁላል አስኳል እና ጉበት ቫይታሚኑን ይዘዋል። ለአብዛኛው አዋቂ በቀን ከ600 እስከ 800 ዓለም አቀፍ ዩኒት ይመከራል። ያለ ሐኪም ትእዛዝ በቀን ከ4,000 ዩኒት በላይ መውሰድ በደም ውስጥ ካልሲየም እንዲበዛና ኩላሊት እንዲጎዳ ሊያደርግ ይችላል።
• ሜትፎርሚንን ለዓመታት መውሰድ የቫይታሚን ቢ12 እጥረት ሊያስከትል፣ እጥረቱም ተመሳሳይ የመደንዘዝ ስሜት ሊያመጣ ስለሚችል፣ ምልክቱ ሲታይ ለሐኪም ማሳወቅ ይገባል። መድኃኒቱን በራስ ውሳኔ ማቋረጥ ግን ተገቢ አይደለም።
• እግርን በየዕለቱ ጣት በጣት መመልከት፣ ባዶ እግር አለመሄድ፣ እንዲሁም ቢያንስ በዓመት አንድ ጊዜ በጤና ተቋም የእግር ስሜት ምርመራ ማድረግ ያስፈልጋል።

በእግር ላይ ማንኛውም ቁስል፣ እብጠት ወይም የቀለም ለውጥ ሲታይ፣ ሕመም ባይኖረውም እንኳ ሳይዘገዩ ወደ ጤና ተቋም መሄድ እግርን ከመቆረጥ ያድናል።