ልጆች ወደ ሱቅ ይግቡ ወይስ አይግቡ?

የመሠረተ ትምህርት ተከታታዮቻችን፣ ደብተራችሁን ክፈቱ፤ እርሳሳችሁን ያዙ። ዛሬ በሱቅ በር ላይ የተለጠፈ አንድ ጽሑፍ እናነባለን። እንዲህ ይላል፦ «ልጆች መግባት ክልክል ነው።»

ይህ በወረርሽኝ ጊዜ ተገቢ ነው ወይ?

ወረርሽኝ ማለት ባጭር ጊዜ ብዙ ሰው የሚይዝ በሽታ ነው። ኮሮና ወደ አገራችን መግባቱ የታወቀው መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. ነበር። ከሦስት ቀን በኋላ ትምህርት ቤቶች ተዘጉ። መጋቢት 30 ቀን የአስቸኳይ ጊዜ ዐዋጅ ወጣ። እኛ አስተማሪዎች ቤት ዋልን፤ ልጆቹ ግን አልዋሉም። ማን ችሎ ያስቀምጣቸዋል! ያ ዐዋጅ ዛሬ የለም፤ ሌላ ወረርሽኝ ግን ሊመጣ ይችላል።

ባለሱቁ የሚፈራው ምንድን ነው? ኮሮና ብዙ ጊዜ በልጅ ላይ አይጠናም። ነገር ግን ልጁ ሳያስለው፣ ሳያተኩሰው በሽታውን ለሌላ ሊያስተላልፍ ይችላል። በሽታው በትንፋሽ ይተላለፋል፤ ጠባብ ሱቅ ውስጥ ደግሞ አየር አይዘዋወርም። ልጅ ተራ አይጠብቅም፤ ይጋፋል። የባለሱቁ ፍርሃት ከንቱ አይደለም።

ይሁን እንጂ በጭሮ፣ አሰበ ተፈሪ ማለቴ ነው፣ በሂርናም በገለምሶም፣ ሱቅ የሚላከው ማነው? ልጅ አይደለም እንዴ? እናት ጉሊት ትውላለች። አባት እርሻ ወይም ጫት ገበያ ነው። እግራቸው የደከመ አያት የልጅ ልጃቸውን «ሂጂ ልጄ፣ ጨው አምጪልኝ» ይሏታል። በሽታው የሚበረታው በአረጋውያን ላይ ነው። ልጅቷ ከበር ከተመለሰች አያት ራሳቸው ሊወጡ ነው። ታዲያ ክልከላው ማንን አዳነ?

እኔ እንደሚመስለኝ፣ መከልከል ያለበት ልጁ ሳይሆን ሱቅ ውስጥ መታጎሩ ነው። በ2012 ዓ.ም. ብዙ ባለሱቆች በደጃፋቸው ገመድ ወጥረው ነበር። ገዢው፣ ልጅም ይሁን አዋቂ፣ ከገመዱ ውጭ ቆሞ ይጠይቃል፤ ባለሱቁ ያቀብለዋል። ተራ ጠባቂዎች ሁለት የአዋቂ እርምጃ ይራራቃሉ። ልጅቷም ቤት ስትገባ አያቷን ከመጠጋቷ በፊት እጇን በሳሙና ትታጠባለች።

ደግሞስ ልጅ ሱቅ ደጃፍ ለምን ይቆያል? የተላከበትን ስለሚረሳ ነው። ዘይት አምጣ ሲሉት ስኳር ይዞ ይመጣል፤ እንደገና ይላካል። እናንተ ግን አሁን መጻፍ ችላችኋል። ወረቀቱን ጽፋችሁ ስጡት፤ ለባለሱቁ አሳይቶ ቶሎ ይመለሳል። እስቲ በደብተራችሁ እንዲህ ብላችሁ ጻፉ፦

«ጨው 1 ኪሎ። ሳሙና 1። ክብሪት 2።»

ከሥሩ ስማችሁን ጨምሩበት።