ያልተበየነ ትእዛዝ፦ ዐረብኛና አማርኛ በአንድነት ሲሰናዱ የሚያጋጥም ስሕተትና መፍትሔው

የሐዲስ ወይም የተፍሲር ጥናት በላቴክ በምናሰናዳበት ጊዜ ሥራው በድንገት ቆሞ «ትእዛዙ አልተበየነም» የሚል ትርጉም ያለው የእንግሊዝኛ መልእክት ይመጣል። ብዙዎቻችን መልእክቱን ችላ ብለን እንቀጥላለን። ላቴክም ያላወቀውን ትእዛዝ ዘሎ ያልፋል፤ ገጹም የተሟላ መስሎ ይወጣል። የተዘለለው ትእዛዝ የቁርኣን አንቀጽን በዐረብኛ ፎንት የሚያሰፍረው ከሆነ ግን አንቀጹ በአማርኛው ፎንት ይሰፍራል፤ ፎንቱ የዐረብኛ ፊደላት ከሌሉትም በስፍራው ባዶ ቦታ ወይም ሳጥን ይቀራል። እንዲህ ያለ ገጽ ከተማሪ እጅ ሊደርስ አይገባም።

መልእክቱ የመስመሩን ቁጥር ይነግረናል፤ መስመሩንም ለሁለት ከፍሎ ያሳየናል። አብዛኛውን ጊዜ ያልታወቀው ትእዛዝ በላይኛው ክፋይ መጨረሻ ላይ ያለው ነው። መንስኤዎቹ በዋናነት ሦስት ናቸው።

አንደኛው፣ ምዕራፍን ከሌላ ጸሓፊ ፋይል ቀድቶ ብያኔውን መተው ነው። ትእዛዙ ከጽሑፉ ጋር ይመጣል፤ ብያኔው ግን በቀድሞው ፋይል መግቢያ ይቀራል። ዐረብኛን በፖሊግሎሲያ የምንጽፍ ከሆነ ጥቅሉን መጫን፣ ዐረብኛን በተጨማሪ ቋንቋነት ማስመዝገብና ፎንቱን መሰየም፣ ፋይሉንም በዚላቴክ ወይም በሉዋላቴክ ማሰናዳት ያስፈልጋል።

ሁለተኛው የአጻጻፍ ልዩነት ነው። እነዚህ ሁለቱ የግእዝ ፊደላትን ለትእዛዝ ስም ይቀበላሉ። ይሁንና \ሐዲስ ብለን በይነን \ሀዲስ ብለን ብንጽፍ፣ ለጆሯችን አንድ የሆነው ለኮምፒዩተሩ ሁለት ነው።

ሦስተኛው ከአማርኛ ጠባይ የሚመነጭ ስለሆነ በመመሪያ መጻሕፍት በቀላሉ አይገኝም። ቋንቋችን ቅጥያን ከቃሉ ጋር ያጣብቃል። \ሐዲስ የተሰኘው ትእዛዝ ቃሉን በዐረብኛ ፊደል የሚጽፍልን ቢሆንና «ሐዲስን» ለማለት \ሐዲስን ብንጽፍ፣ «ን» ራሷ ፊደል ስለሆነች ከትእዛዙ ስም ጋር ትነበባለች። በዚህ ስም የተበየነ ትእዛዝ ስለሌለ ስሕተቱ ይከሠታል። መፍትሔው በመካከላቸው ባዶ ጥምዝ ቅንፍ ማግባት ነው፦ \ሐዲስ{}ን። ቅንፉ ስሙ ያበቃበትን ያመለክታል፤ በኅትመቱ ላይም አይታይም።

የጠፋውን ትእዛዝ በባዶ ብያኔ ማስተካከል ግን አይገባም። መልእክቱ ይቀራል፤ ጉድለቱ ግን ተሸሽጎ ይኖራል። ከመጀመሪያው ስሕተት ጀምሮ አንድ በአንድ ማረምና ሥራው ያለ መልእክት ሲጠናቀቅ እንኳ እያንዳንዱን አንቀጽ ከሙስሐፍ ጋር ማመሳከር ይገባናል፤ ኮምፒዩተሩ ትእዛዝን እንጂ የአንቀጽን ትክክለኛነት አይመረምርምና።