አርኬድ ስቲክ የሚመረጠው በሆዱ ነው

የድብድብ ጌም የሚወድ ሰው አርኬድ ስቲክ ለመግዛት ሲያስብ መጀመሪያ የሚያጣራው ስሙን ነው። ሆሪ ይሻላል ወይስ ቃንባ? ቪክትሪክስ የሚጠራበትን ዋጋ ያወጣል? ከዚያ ስለ መልኩ፣ ስለ ክብደቱ፣ ስለ ዘንጉ ልስላሴ ይጠይቃል። ጥያቄዎቹ ተገቢ ናቸው፤ ገንዘብ የሚያስከስረው ግን እነዚህን መሳሳት አይደለም። ዘንግ ቢበላሽ ይቀየራል፣ ቁልፍ ቢደክም በጥቂት ዶላር ይተካል። ከዓይን የተሰወረውና አብዛኛው ገዢ ሳይጠይቅ የሚያልፈው፣ ከሳጥኑ ውስጥ ያለችው ትንሽ ቦርድ ከየትኛው ኮንሶል ጋር መግባባት እንደምትችል ነው። ከአንድ በላይ ኮንሶል ላይ ለሚጫወት፣ ወይም ከጥቂት ዓመት በኋላ ኮንሶሉን መቀየሩ ለማይቀር ሰው፣ ምርጫውን መወሰን ያለባት ይህች ቦርድ ናት።

ነገሩን ለማያውቅ አንባቢ፦ አርኬድ ስቲክ በየፕሌይስቴሽን ቤቱ ጆይስቲክ እየተባለ በሁለት እጅ የሚያዘው መቆጣጠሪያ አይደለም። ጭን ወይም ጠረጴዛ ላይ የሚቀመጥ ሰፊ ሳጥን ነው። በግራ በኩል በእጅ የሚጨበጥ ዘንግ፣ በቀኝ በኩል አብዛኛውን ጊዜ ስምንት ትልልቅ ክብ ቁልፎች አሉት። ቅርጹን የወረሰው በሳንቲም ከሚያጫውቱት የአርኬድ ማሽኖች ነው። ካፕኮም እ.ኤ.አ. በ1991 ስትሪት ፋይተር 2ን ሲያወጣ ለቡጢ ሦስት፣ ለእርግጫ ሦስት ቁልፍ መደበ። ተክን ደግሞ ለእያንዳንዱ እጅና እግር አንድ አንድ ቁልፍ ሰጥቶ በአራት ያጫውታል። ዛሬ በብዙ ስቲኮች ላይ የምናየው፣ የጣቶቹን ተፈጥሯዊ አቀማመጥ ተከትሎ ጎበጥ ያለው የቁልፎች አደራደር፣ የጃፓኑ ታይቶ ኩባንያ ካወጣው ቪውሊክስ ከተባለው ማሽን የመጣ ነው።

የታችኛውን ሽፋን ብሎኖች በካቻቢቴ ፈትቶ ሆዱን ያየ ሰው የአሠራሩ ቅለት ይገርመዋል። ከዘንጉ ሥር ማይክሮስዊች የሚባሉ አራት ትናንሽ ማብሪያዎች አሉ። ዘንጉ ሲጋደል አንዱን ይጫንና ቀጭ የሚል ድምፅ ይሰማል፤ ወደ ማዕዘን ሲሄድ ሁለቱን በአንድ ላይ ይጫናል። ከሥሩ የተገጠመው አራት ማዕዘን ፕላስቲክ ዘንጉ የት ላይ መቆም እንዳለበት ይወስናል፤ ስምንት ማዕዘን የሚወድም ሊቀይረው ይችላል። ከእያንዳንዱ ቁልፍ ሁለት ሽቦ ይወጣል። አንደኛው ሁሉም ቁልፎች በጋራ የሚጠቀሙበት ነው፤ ሌላኛው የየራሳቸውን መልእክት ለቦርዷ ያደርሳል። የጃፓኑ ሳንዋ ዴንሺ የሚሠራው ጄኤልኤፍ የተባለው ዘንግ ባለ አምስት ሽቦ በአንዲት ሶኬት ይሰካል። 30 ሚሊ ሜትር ስፋት ያላቸው የሳንዋ ቁልፎችም ሁለት ጎናቸውን በጣት ጨመቅ አድርገው ወደ ላይ ሲገፏቸው ከቀዳዳቸው ይወጣሉ፤ ብየዳም አያስፈልግም። በተክን ተጫዋቾች ዘንድ የሚወደደው የኮሪያ ዘንግ ትንሽ ይለያል። ዘንጉን ወደ መሃል የሚመልሰው በስፕሪንግ ፈንታ ጎማ ስለሆነ፣ ሲለቁት የሚመለስበት ኃይል እጅ ላይ ጠንከር ብሎ ይሰማል።

ይህን ሁሉ የዘረዘርኩት አንድ ነገር ለማሳየት ነው። እጃችን የሚነካው ክፍል ከሞላ ጎደል ደረጃው የወጣለትና ከአንዱ ሳጥን ወደ ሌላው የሚሸጋገር ዕቃ ነው። እ.ኤ.አ. በ2009 ከስትሪት ፋይተር 4 ጋር የወጣውን የማድ ካትዝ ቲኢ ስቲክ እንውሰድ። በ150 ዶላር ይሸጥ ነበር፤ ዘንጉም ቁልፎቹም የሳንዋ ናቸው። አምራቹ በ2017 ከስሯል። ሳጥኑ ግን ዛሬም ጠንካራ ነው፤ ዘንጉም እስካሁን የሚሸጠው ያው ጄኤልኤፍ ነው። ያረጀው ቦርዱ ብቻ ነው፤ አንዱ ዓይነት የተሠራው ለፕሌይስቴሽን 3፣ ሌላው ለኤክስቦክስ 360 ነበርና። ፓስፖርቱ ያለፈበት ሰው ጤናው የተሟላ ቢሆንም ከድንበር እንደሚመለስ፣ ይህም ስቲክ አንድም አካሉ ሳይጎድል አዲሱ ኮንሶል በር ላይ ይቀራል።

ኮንሶሎቹ በራቸውን የሚዘጉት ሆን ብለው ነው። ፕሌይስቴሽን 3 የዩኤስቢ መቆጣጠሪያዎችን ያን ያህል ሳይመረምር ይቀበል ነበር። ኤክስቦክስ 360 ግን ማይክሮሶፍት የፈቀደው ዕቃ መሆኑን በውስጡ ባለች ቺፕ ያጣራል። ፕሌይስቴሽን 4 መንገዱ ለየት ያለ ነው፤ ፈቃድ የሌለውን ስቲክ መጀመሪያ ይቀበለዋል፣ ስምንት ደቂቃ ገደማ ሲሞላ ግን ግንኙነቱን ይቆርጣል። በውድድር መሃል ይህ የደረሰበት ሰው ምን እንደሚሰማው መገመት አያዳግትም። ኤክስቦክስ ደግሞ በ2023 መጨረሻ ያልተፈቀዱ ተቀጥላ ዕቃዎችን ማገድ ሲጀምር፣ እስከዚያች ቀን ያለ እንከን ይሠሩ የነበሩ ስቲኮችና አዳፕተሮች ችግር ላይ ወደቁ። ዕቃው አልተበላሸም፤ የተቀየረው የኮንሶሉ ሶፍትዌር ነው። ኩባንያዎቹ ማጭበርበሪያ መሣሪያ ለመከላከል ነው ይላሉ፤ እውነትነት አለው። ከፈቃድ ሽያጭ የሚገኘው ገቢ መኖሩም እውነት ነው። ምክንያቱ የትኛውም ይሁን፣ ዳፋው ለገዢው ነው።

ጌም ሠሪዎች ራሳቸው በሩን የሚከፍቱበት ጊዜ መኖሩንም መዘንጋት አይገባም። ስትሪት ፋይተር 5 በፕሌይስቴሽን 4 ላይ የፕሌይስቴሽን 3 ስቲኮችን እንዲቀበል ተደርጎ ነበር። ፕሌይስቴሽን 5 የራሱን ጌሞች በፕሌይስቴሽን 4 ጆይስቲክ አያጫውትም፤ ሆኖም ስትሪት ፋይተር 6፣ ተክን 8 እና ጊልቲ ጊር ስትራይቭ የቀድሞውን ኮንሶል አርኬድ ስቲኮች ይቀበላሉ። ይህ ለተጫዋቹ ትልቅ ውለታ ነው፤ የጌም ሠሪው በጎ ፈቃድ እንጂ የኮንሶሉ ግዴታ ስላልሆነ ግን የሚቀጥለው ጌም ይደግመዋል ብሎ ገንዘብ ማውጣት አይቻልም። ኤክስቦክስ ዋን ላይ የሚሠራ ፈቃድ ያለው ስቲክ በሲሪስ ኤክስና ኤስም ይሠራል። ኮምፒውተር ከሁሉም ገራም ነው፤ የተሰካበትን አብዛኛውን ነገር ይቀበላል።

እንግዲህ ምርጫው ከዚህ ይነሳል። ከሚጫወቱባቸው ኮንሶሎች መካከል በሩን አጥብቆ የሚዘጋው የትኛው ነው? ፈቃድ ያለው ስቲክ ለእሱ ይገዛ፤ ለተቀሩት መላ አይጠፋም። ፕሌይስቴሽን 5 ያለው ሰው ፕሌይስቴሽን 5፣ ፕሌይስቴሽን 4 እና ኮምፒውተር በአንዲት ማብሪያ የሚቀያየሩበትን፣ እንደ ሆሪ ፋይቲንግ ስቲክ አልፋ ያለውን ቢገዛ ሦስት ቤት በአንድ ዕቃ ይደርሳል። ሆኖም የዚሁ ስቲክ የኤክስቦክስ ዓይነት ለብቻው የሚሸጥ ሌላ ዕቃ ነው። መልካቸው ይመሳሰላል፣ ካርቶኑን በጥንቃቄ ያላነበበ ሰውም በቀላሉ ይሳሳታል። ኮምፒውተር ላይ ብቻ የሚጫወት ሰው ደግሞ ለፈቃድ የሚከፈለውን ተጨማሪ ገንዘብ የሚያወጣበት ምክንያት የለም። በ2021 በ4 ዶላር የወጣችው ራስፕቤሪ ፓይ ፒኮ የተባለች ቦርድ፣ ጂፒ2040-ሲኢ የተባለው ነፃ ሶፍትዌር ከተጫነባት፣ ከውድ ስቲኮች ቦርድ የማታንስ ፈጣን መቆጣጠሪያ ትሆናለች።

ታዲያ አዳፕተር እያለ ይህ ሁሉ ጭንቀት ለምን የሚል ይኖራል። ብሩክ የተባለው ኩባንያ የአንዱን ኮንሶል ስቲክ ለሌላው የሚያስተረጉሙ ትናንሽ መሣሪያዎች ይሠራል፤ ብዙዎች ረክተውባቸዋል። የመዘግየቱ ፍርሃትም አንዳንዴ ይጋነናል። የድብድብ ጌሞች በሴኮንድ 60 ምስል ያሳያሉ፣ አንዱ ምስል 16.7 ሚሊ ሴኮንድ ገደማ ይቆያል፤ ጥሩ አዳፕተር የሚጨምረው መዘግየት ከዚህ ያነሰ ነው። የእኔ ተቃውሞ ሌላ ነው። አዳፕተር የሚኖረው ኮንሶሉ እስከታገሠው ድረስ ብቻ ነው፤ የ2023ቱ የኤክስቦክስ እገዳ ይህን በግልጽ አሳይቷል። ስለዚህ አዳፕተር ለሁለተኛው ኮንሶል ጥሩ ነው፤ ዋናውን በእሱ ላይ መመሥረት ግን አይመከርም። ቢሞትም የሞተው ርካሹ ዕቃ እንዲሆን ያድርጉ።

ከዚህ የሚከብደው ተቃውሞ ስቲክ ራሱ አያስፈልግም የሚለው ነው። ማስረጃም አለው። በ2014 በአሜሪካው የኢቮ ውድድር አልትራ ስትሪት ፋይተር 4ን ያሸነፈው ሉፊ የተባለው ፈረንሳዊ ተጫዋች በእጁ የያዘው የመጀመሪያውን ፕሌይስቴሽን ጆይስቲክ ነበር። ይህን መካድ አይቻልም፤ መካድም አያስፈልግም። ስቲክ ደካማውን ተጫዋች ጎበዝ አያደርግም። የሚሰጠው ጥቅም ሥራውን ከሁለት አውራ ጣቶች አውርዶ ለእጅ አንጓና ለሁሉም ጣቶች ማካፈሉ ነው፤ ለአንዳንዱ እጅ ይህ እፎይታ ነው፣ ለሌላው አይደለም። ይህ እውነት የቦርዱን ክርክር ያጠናክረዋል እንጂ አያዳክመውም። ዘንጉና ቁልፉ የምቾት ጉዳይ ከሆኑ፣ በእነሱ ልዩነት ብቻ የሁለት መቶና የሦስት መቶ ዶላር ብልጫ መክፈል ትርጉም የለውም። ገና ያልወሰነ ሰውም በእጁ ባለው ጆይስቲክ ይቆይ።

ሦስተኛው ወገን ዘንጉን ጭራሽ ጥሎ፣ አራቱንም አቅጣጫ በቁልፍ የሚያዝዘውን ሂት ቦክስ የመሰለ መቆጣጠሪያ ይመርጣል። ዘንግ ከአንዱ ጫፍ ወደ ሌላው ለመድረስ መሃሉን ማቋረጥ አለበት፤ ጣት ግን ቁልፉ ላይ ተቀምጦ ይጠብቃል። ስለዚህ ፍጥነቱ እውነተኛ ነው። ይህን ለሚመርጥ ሰው ግን ቦርዱ ከቀድሞውም በላይ ወሳኝ ይሆናል። በዘንግ ግራና ቀኝን በአንድ ጊዜ መጫን አይቻልም፤ በቁልፍ ይቻላል። ያኔ ምን ይሁን? ሁለቱም ይሰረዙ? የኋለኛው ይግዛ? መልሱን የሚሰጠው ቦርዱ ላይ ያለው ሶፍትዌር ነው። ስትሪት ፋይተር 6 ከወጣ በኋላ የካፕኮም የውድድር ሕግ ግራና ቀኝ በአንድ ላይ ሲጫኑ ምንም አቅጣጫ እንዳይወጣ አዟል። ሶፍትዌሩ የሚታደስለት ቦርድ የያዘ ሰው ቅንብሩን ቀይሮ ይወዳደራል፤ ቅንብሩ የማይቀየርለት ግን ስንት የከፈለበትን ዕቃ ይዞ ከደጅ ይቀራል።

ለኢትዮጵያ አንባቢ ጉዳዩ አንድ ተጨማሪ ክብደት አለው። እንዲህ ያለው ዕቃ አብዛኛውን ጊዜ የሚመጣው ከአሜሪካ፣ ከአውሮፓ ወይም ከዱባይ በሚመለስ ዘመድ ሻንጣ ነው። ስቲክ ደግሞ ሰፊና ከባድ ነው፤ የሌላ ሰው ዕቃ የሚቀመጥበትን ቦታ ይወስዳል። አልሠራም ተብሎ ለሻጩ የሚመለስበት መንገድ የለም ማለት ይቻላል። ታዲያ ሌላ አማራጭ መኖሩን ልብ ማለት ይገባል። ቦርዱ፣ ዘንጉና ቁልፎቹ ለየብቻ ከተገዙ ትንሽ ከረጢት ውስጥ ይገባሉ። ሳጥኑን እዚሁ ያለ አናጢ በእንጨት ሊሠራው ይችላል፤ ለእያንዳንዱ ቁልፍ 30 ሚሊ ሜትር ቀዳዳ፣ ለዘንጉ የሚሆን ክፍት ቦታ፣ ከሥሩም በብሎን የሚታሰር ሽፋን ይበቃዋል። ለፕሌይስቴሽን 5 ወይም ለኤክስቦክስ ይህ መንገድ ከፈቃዱ ጉዳይ አያድንም፤ ለኮምፒውተር ግን ከሱቅ ከሚገዛው ብዙም የማይተናነስ ስቲክ ያስገኛል።

ያገለገለ ስቲክ የሚገዙ ከሆነም ከሻጩ የላዩን ፎቶ ብቻ አይቀበሉ። የሚሠራባቸው ኮንሶሎች ስም የተጻፈበትን ካርቶን ወይም የሞዴሉን ቁጥር፣ ቀጥሎም የታችኛው ሽፋን ተከፍቶ የተነሳ ፎቶ እንዲልክልዎ ይጠይቁ። ሽቦዎቹ በሶኬት ከተሰኩ ነገ ቦርዱን ቀይረው ለሌላ ኮንሶል ያውሉታል፤ ቁልፎቹ ቦርዱ ላይ ከተበየዱ ግን ያ ስቲክ ዕድሜው ከኮንሶሉ ጋር የሚያልቅ ነውና፣ ዋጋው ቢረክስም መልኩ ቢያምርም ይለፉት።